ሰውነትህ መድኃኒቱን አልለመደም

የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «28 ዓመቴ ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ጉሮሮዬን ያመኛል። ንፍጥና ሳልም አለው። ሁልጊዜ አሞክሳሲሊን 500 እገዛለሁ፣ ሦስት ቀን ስወስደው ይሻለኛል። ሲሻለኝ አቆመውና የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጠዋለሁ። አሁን ግን ሁለቴ በተከታታይ ምንም አልሠራልኝም። ሰውነቴ ለምዶት ይሆን? ጓደኛዬ ኦግመንቲን ወይ አዚትሮማይሲን ጠንካራ ነው፣ እሱን ሞክር ይለኛል። መርፌ ይሻልሃል ያለኝም አለ። የትኛውን ይመክሩኛል? ደግሞስ የተጀመረ አንቲባዮቲክ ካልተጨረሰ ጀርሙ ይላመዳል የሚባለው እውነት ነው? አሁን መሳቢያዬ ውስጥ 12 ፍሬ አለኝ።»

የትኛውንም አልመክርህም። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር ማድረግ አለብኝ፤ ምክንያቱም ጥያቄህ ውስጥ ጥቂት ስህተቶች ተደራርበዋል፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ ስለቆመ አንዱን ብቻ ባርምልህ በሌላው ዞረህ ትመለሳለህ።

መጀመሪያ «ሰውነቴ ለመደው» የሚለውን እንየው። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በቆምኩባቸው ዓመታት ይሄን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። ሰውነት የሚለምደው መድኃኒት አለ። የእንቅልፍ ኪኒን አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ከጊዜ በኋላ ያው መጠን አላስተኛ ይለዋል። አንዳንድ ከባድ የህመም ማስታገሻዎችም እንደዚያ ናቸው። እነዚህ የሚሠሩት ግን አንተ ላይ ነው፣ ነርቭህ ላይ። አሞክሳሲሊን ካንተ ጋር ጉዳይ የለውም። ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ አለው፤ ሲያድግና ለሁለት ሲከፈል ያንን ግድግዳ እየገነባ ነው የሚሄደው። አሞክሳሲሊን ግንባታውን ያስቆመዋል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ጀርሙ ይፈነዳል። ያንተ ሴል ከነጭራሹ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ መድኃኒቱ አንተን ትቶ ጀርሙን የሚገድለውም ለዚሁ ነው። ታዲያ ሰውነትህ ምኑን ይልመደው?

የሚላመደው ጀርሙ ነው። ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልህ። የሚለምደው ሰውነትህ ቢሆን ኖሮ ጣጣው ያንተ ብቻ ይሆን ነበር። ጀርሙ ሲሆን ግን ካንተ እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይሄዳል። በሕይወቱ አንድ ፍሬ አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ሰው መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ሊይዘው ይችላል። ትናንት የተወለደ ሕፃንም ቢሆን።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ ጉሮሮ ውስጥ የተላመደ ጀርም የነበረ አይመስለኝም። ጭራሽ ባክቴሪያ ራሱ አልነበረም ብዬ ነው የምጠረጥረው። የጻፍከውን ምልክት ተመልከተው፦ ጉሮሮ፣ ንፍጥ፣ ሳል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነገሩ በአብዛኛው ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ደግሞ የቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረስ የሚገነባው ግድግዳ የለውም፤ ያንተን ሴል ሰብሮ ገብቶ በሴልህ ዕቃ ነው የሚራባው። ስለዚህ አሞክሳሲሊን የሚያስቆመው ሥራ አያገኝም። ኦግመንቲንም አያገኝም። መርፌውም አያገኝም።

«ታዲያ ድሮ እንዴት ይሠራልኝ ነበር?» ትለኝ ይሆናል። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ሰው ደግሞ መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ሲብስበት ነው። ሲብስብህ ገዛህ፣ ሦስት ቀን ዋጥክ፣ ተሻለህ። ባትውጠውም በዚያው ቀን ይሻልህ ነበር። ዶሮ ጮኸ፣ ነጋ። ዶሮው ግን አላነጋውም።

ሁለቴ አልሠራልኝም ያልከውም በዚሁ ይፈታል። ቫይረሱ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ቶሎ ይለቃል፣ ሌላው ይጎተታል። የጉሮሮ ህመም ሳምንት ያህል ቢቆይ፣ ሳሉ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢከርም እንግዳ ነገር አይደለም። ንፍጡ ቢጫ ወይ አረንጓዴ ስለሆነም አትደንግጥ፤ ቀለሙ የሚመጣው ለመከላከል ከወጡት ነጭ የደም ሴሎችህ ነው፣ ጠላቱ ቫይረስ ሆነ ባክቴሪያ ይኸው ቀለም ይታያል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ መታመምህም አቅምህ ደከመ ማለት አይደለም። ጤነኛ አዋቂ በዓመት ሁለት ሦስቴ ጉንፋን ይይዘዋል፣ ከሕፃናት ጋር የሚውል ደግሞ ከዚያም በላይ።

በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ህመም የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ዋናው ስትሬፕቶኮከስ ነው፣ ባጭሩ ስትሬፕ እንበለው። ጉሮሮዬን አመመኝ ብለው ከሚመጡ አዋቂዎች ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል፤ ልጆች ላይ ከፍ ብሎ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። የሚናቅ ጀርም አይደለም፤ ሳይታከም ሲቀር፣ በተለይ ልጆችና ወጣቶች ላይ፣ የልብ ቫልቭ እስከማበላሸት የሚደርስ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም የሚፈልጋቸው ጠቋሚዎች አራት ናቸው፦ ትኩሳት፣ ያበጠ ወይም ነጭ መግል የያዘ ቶንሲል፣ ከአንገት ፊት ለፊት ሲነካ የሚያም እጢ፣ አራተኛው ደግሞ ሁሉም ሰው የሚረሳው ነው፣ የሳል አለመኖር። ሳል ካለ ስትሬፕ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። ንፍጥ ሲጨመርበት የባሰ ይቀንሳል። እነዚህም ቢሆኑ ይጠቁማሉ እንጂ አያረጋግጡም፤ ጉሮሮን በባትሪ አይቶ ብቻ ቫይረስና ባክቴሪያን መለየት ለብዙ ዓመት ለሠራ ሐኪምም ያስቸግራል። ማረጋገጫው በጥጥ ከጉሮሮ የሚወሰድ ናሙና ነው። ፈጣኑ ምርመራ በደቂቃዎች ይደርሳል፣ ካልቸር የሚባለው፣ ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የሚያየው፣ ግን አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

አሁን የጓደኛህን ምክር በዚህ መዝነው። ስትሬፕ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን መቋቋም አልቻለም። ከ80 ዓመት አገልግሎት በኋላም ፔኒሲሊንና የቅርብ ዘመዱ አሞክሳሲሊን ይገድሉታል። አዚትሮማይሲንን የሚቋቋም ስትሬፕ ግን በብዙ አገር አለ። ስለዚህ «ጠንካራ» የተባለልህ መድኃኒት እዚህ ቦታ ላይ ከአሮጌው ይደክማል። አዚትሮማይሲን ለጉሮሮ ስትሬፕ የሚታዘዘው በዋናነት ሰውየው ለፔኒሲሊን አለርጂ ሲኖረው ነው። ኦግመንቲንም ቢሆን ስሙ ግርማ ሰጠው እንጂ ውስጡ ያለው ያው አሞክሳሲሊንህ ነው። የተጨመረበት ክላቩላኒክ አሲድ የሚባል ነገር ብቻ ነው፤ ሥራውም አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞክሳሲሊንን ለመቁረጥ የሚያመነጩትን ኢንዛይም ጠምዶ መያዝ ነው። ስትሬፕ ያንን ኢንዛይም አያመነጭም። ለዚህ ጀርም ስትል ኦግመንቲን ብትወስድ የምታተርፈው ተቅማጥ ነው።

የመርፌው ነገርም እንዲሁ። መርፌ መድኃኒቱን በሆድ በኩል ሳያሳልፍ ወደ ደም ያደርሰዋል፣ ሌላ አስማት የለውም። ለሚያስመልሰው፣ መዋጥ ላቃተው፣ በጠና ለታመመ ሰው ነው የሚያስፈልገው። (ለተረጋገጠ ስትሬፕ አንዴ ተወግቶ የሚያልቅ የፔኒሲሊን መርፌ አለ፤ አሥር ቀን ሙሉ ኪኒን መዋጥ ለማይሆንለት ሰው ጥሩ ነው። እሱም ቢሆን ጀርሙ ሲኖር ነው።)

አንቲባዮቲክ ከደካማ ወደ ጠንካራ የተደረደረ መሰላል አይደለም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ጀርም አለው፣ የማያውቀውም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል። አንደኛው መደብ ለተለመዱት ኢንፌክሽኖች በቅድሚያ የሚታዘዙት ናቸው፤ አሞክሳሲሊንም ኦግመንቲንም እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ጀርም ቶሎ ሊላመዳቸው ስለሚችል በቁጥብነት የሚሰጡት ናቸው፤ አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሰው «ጠንካራው መርፌ» የሚለው ሴፍትሪያክሰን እዚህ ናቸው። ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ የሚወጡት ናቸው። አንተ ለጉንፋን ከመጀመሪያው መደብ ወደ ሁለተኛው ልለፍ ነው የምትለኝ።

መላመድ የሚባለው ነገር በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ላብራቶሪ ውስጥ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ ክብ ሳህን አለ፣ ውስጡ እንደ ጄሊ የረጋ የጀርም ምግብ። ከታማሚው የተገኘው ባክቴሪያ ላዩ ላይ በጥጥ ይቀባል። ከዚያ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሱ ክብ ወረቀቶች፣ እያንዳንዱ የተለያየ መድኃኒት ያለበት፣ ተራርቀው ይቀመጡበትና ሳህኑ ሌሊቱን ሙቀት ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ጀርሙ እንደ ስስ ግራጫ ጉም ሳህኑን ሸፍኖታል። መድኃኒቱ በሠራበት ወረቀት ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት አለ፣ ጀርም ድርሽ ያላለበት። ባልሠራበት ደግሞ ጉሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ተጠግቶ ይቆማል፣ ወረቀቱ ባዶ የሆነ ይመስል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ያየሁት አንድ ሳህን አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ከሽንት የተገኘ ባክቴሪያ ነበር። ስድስት ወረቀት፣ አንድም ቀለበት የለም። አስተማሪያችን ምንም አላለንም፣ ሳህኑን ከእጅ እጅ አዟዟረው ብቻ።

ባክቴሪያ እዚህ የሚደርሰው እንዴት ነው? አንዱ ምስጢር ፍጥነቱ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ቁጭ ብለህ አስላው፤ ከአንዱ ተነስቶ በአሥር ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። እንዲህ ሲባዛ የዘረመል ቅጂው ላይ ስህተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት ጥቅም የለውም፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ መድኃኒቱን የሚቆርጥ፣ ወይም ወደ ውስጥ የገባውን መልሶ የሚተፋ፣ ወይም መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ቅርጹን የቀየረ ጀርም ይወጣል። መድኃኒት በሌለበት ይሄ ጀርም ከብዙዎቹ አንዱ ነው፣ ማንም አያስተውለውም። መድኃኒት ሲመጣ ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ይሞቱለትና ቤቱ ይለቀቅለታል። ሌላው ምስጢር የባሰ ነው፤ ባክቴሪያዎች ይሄን ችሎታ ይዋዋሳሉ። ትንሽ የዘረመል ቀለበት ከአንዱ ወደ ሌላው ታልፋለች፣ ዘራቸው ባይገናኝም እንኳ። ምንም ጉዳት የማያደርስ የአንጀት ነዋሪ የያዘውን ችሎታ ለገዳዩ ሊሰጠው ይችላል።

ያንተ ሦስት ቀን እዚህ ጋ ነው የሚገባው። አሞክሳሲሊኑን ለጉንፋን ስትውጥ ቫይረሱ ላይ አልደረሰም ብለናል። ታዲያ የት ሄደ? በደምህ አድርጎ መላ ሰውነትህን ዞረ። አፍህ ውስጥ፣ ቆዳህ ላይ፣ አንጀትህ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ወዳጆችህ ናቸው። መድኃኒቱ ከወዳጆችህ የሚሞተውን ገደለ፣ የማይሞተውን ተወው። የተረፈው ቦታውን ወርሶ ይበዛል። እነዚህ የተላመዱ ጀርሞች ካንድ ዙር መድኃኒት በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት ድረስ አብረውህ ሊቆዩ ይችላሉ። ምንም አይሰማህም። ሌላ ጊዜ ከአንጀትህ ወጥተው የሽንት ቧንቧህን ሲይዙ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲገጥምህ ነው መኖራቸውን የምታውቀው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ስታደርገው ደግሞ አንዱ ዙር ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር የአንድ ሰው ምሳሌ አንስቶ ነበር። ሰውየው ጉሮሮውን ያመዋል፣ ፔኒሲሊን በራሱ ገዝቶ ይወስዳል፣ ግን የማይበቃ መጠን ነው፤ ጀርሙን አይገድለውም፣ ያስተምረዋል እንጂ። ከዚያ ጀርሙ ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፣ እሷ የሳንባ ምች ትታመማለች፣ ፔኒሲሊኑ አይሠራላትም፣ ትሞታለች። 1945 ላይ ነው ይሄ። ፍሌሚንግ የተሳሳተው ጀርሙን በመምረጥ ብቻ ነው፤ የጠቀሰው ስትሬፕቶኮከስን ነበር፣ የጉሮሮው ስትሬፕ ደግሞ እንዳልኩህ እስከ ዛሬ መድኃኒቱን አላሸነፈም። ሌሎቹ ጀርሞች ግን እንዳለው አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ ልምጣ። «የጀመርከውን ካልጨረስክ ጀርሙ ይላመዳል» የሚለው እኛ ባለሙያዎች ራሳችን ለዓመታት ስንለው የኖርነው ነው፣ እኔም ብያለሁ። እንደ ጥቅል ሕግ ግን ልክ አይደለም። መድኃኒቱን ብዙ ቀን በወሰድክ ቁጥር አንጀትህ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚላመዱበት ዕድልም ይጨምራል። ለዚህ ነው ባለፉት ዓመታት በርካታ ሕክምናዎች ያጠሩት። ድሮ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሰጥበት የነበረው የሳንባ ምች፣ ቀለል ያለ ሆኖ ሰውየው እየተሻለው ከሄደ ለአዋቂ 5 ቀን ሊበቃው ይችላል። ቀላል የሴቶች የፊኛ ኢንፌክሽን እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ቀን ነው፣ ካንድ ዶዝ የማያልፍም አለ። ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ በተቃራኒው ወራት ይፈልጋል፣ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ እዚያ ላይ ሲሻልህ ብታቆም ወዮልህ፣ የተላመደ ቲቢ የሚፈለፈለው አንዱ በዚህ ነው። የጉሮሮ ስትሬፕ በፔኒሲሊን ወይም በአሞክሳሲሊን ሲታከም በተለምዶ 10 ቀን ይሰጣል፣ ህመሙ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም። ልቡን ለመጠበቅ ነው።

እንግዲህ ቀኑን የሚወስነው በሽታው ነው። አንተ አይደለህም፣ ማሸጊያው ውስጥ ያለው የፍሬ ብዛትም አይደለም። ስለዚህ ሐኪም አንቲባዮቲክ ሲያዝልህ እዚያው ወንበሩ ላይ እያለህ ሁለት ነገር ጠይቀው፦ ስንት ቀን ነው? ቶሎ ቢሻለኝስ? የነገረህን ፈጽም፤ በመሃል ማቆም ካሰኘህ ደውለህ ጠይቅ እንጂ በራስህ አትቁረጥ። ምርመራው ደርሶ «ቫይረስ ነው፣ አቁመው» ካለህ ደግሞ አቁመው፤ ተጀምሯል ተብሎ የሚጨረስ ነገር የለም። ያንተን በተመለከተ ግን ስትጨነቅበት የነበረው በተሳሳተው ቀን ላይ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ማቆምህ አይደለም ጥፋቱ። የመጀመሪያው ቀን ላይ መጀመርህ ነው።

በሐኪም ትእዛዝ ስትወስድም የሰዓቱ ነገር ቀልድ አይደለም። አሞክሳሲሊን ከደም ውስጥ ቶሎ ይወጣል፣ በየሰዓቱ በግምት በግማሽ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የሚሠራው ደግሞ መጠኑ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። በቀን ሦስቴ ማለት በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ ተረስቶ ሁለት ባንዴ ማለት አይደለም። ከረሳህ ስታስታውስ አንዱን ውሰድ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ያለፈውን ተወው፣ አትደርብ።

ጉዳት የለውም ብለህ እንደማትጨነቅም ከአጻጻፍህ ይገባኛል። አለው። ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ወዳጅ ባክቴሪያዎች ሲያልቁ አንጀት ውስጥ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባል ጀርም ሜዳውን አግኝቶ ከባድ ተቅማጥ ሊያስነሳ ይችላል፣ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን። ጓደኛህ ያለህ አዚትሮማይሲን የልብ ምት ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሲፕሮ ጅማት እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል። አንድ ደግሞ በወጣቶች ላይ የሚያጋጥም ነገር አለ፤ ሞኖኑክሊዮሲስ የሚባል ቫይረስ ወለድ በሽታ ቶንሲልን አሳብጦ ነጭ አልብሶ ፍጹም ባክቴሪያ ያስመስላል፣ በዚያ ላይ አሞክሳሲሊን ሲወሰድ ሰውነት ሁሉ በሽፍታ ሊሞላ ይችላል። አለርጂ አይደለም። ግን ሰውየው ካርዱ ላይ «ለፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ ይጻፍበትና ዕድሜ ልኩን ከምርጡ መድኃኒት ይከለከላል። ባልነበረ ባክቴሪያ የተነሳ።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን የማደርገው ይሄን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጉሮሮህ ከንፍጥና ከሳል ጋር ሲመጣ አንቲባዮቲክ አትነካም። ለህመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ውሰድ፤ ለአዋቂ ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አትለፍ፣ የጉበት ችግር ካለብህ ወይም አዘውትረህ የምትጠጣ ከሆነ መጠኑን አስቀድመህ ጠይቅ። በጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሳታውቀው እንዳትደራርብ ማሸጊያውን አንብብ። ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጥ፣ ፈሳሽ ውሰድ፣ ተኛ። አሰልቺ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐኪም ጋ የምትሄደው ሳል ሳይኖር ትኩሳትና የጉሮሮ ህመም አብረው ከመጡ፣ ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎህ ከቆየ በኋላ እንደገና ከበረታብህ ነው። ምራቅህን መዋጥ ካቃተህ፣ አፍህ አልከፈት ካለ፣ ጉሮሮህ ባንድ ወገን ብቻ ካበጠ፣ ድምፅህ ከታፈነ፣ አንገትህ ከገተረ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ሂድ። ቀድሞ የሩማቲክ ትኩሳት የነበረበት፣ ስኳር ያለበት፣ የመከላከል አቅምን የሚቀንስ በሽታ ወይም መድኃኒት ያለበት ሰው ቤት ሆኖ አይጠብቅ። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ከተኮሰውም እንዲሁ፣ ያለምንም ማመንታት።

ስትሄድም «ጠንካራ ይዘዙልኝ» አትበል። መመርመር እፈልጋለሁ በል። አንዳንዴ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ የሚጽፈው ታማሚው ባዶ እጁን ቅር ብሎት እንዳይወጣ ነው። በሽታው ቫይረስ ከሆነ «ምንም አላዘዘልኝም» ብለህ ሌላ ሐኪም ፍለጋ አትውጣ፤ ምናልባት በደንብ ያየህ እሱ ነው።

የቀሩት 12 ፍሬዎች። በቀን ሦስቴ ለሦስት ቀን ከሆነ ከ21 ዘጠኙን ዋጥክ ማለት ነው፣ የተረፈው ለማንም ሙሉ ሕክምና አይሆንም። ለወንድም፣ ለጓደኛ አትስጥ። ካፕሱሉን ከፍቶ ለልጅ መበጥበጥ ደግሞ አይታሰብ፣ የልጅ መጠን የሚሰላው በክብደቱ ነው። ሽንት ቤት ውስጥም አትድፋቸው፤ ፍሳሽ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ይማራሉ። የተረፈ መድኃኒት የሚቀበል መድኃኒት ቤት ካለ መልስላቸው። ከሌለ ካፕሱሎቹን ከማሸጊያቸው አውጥተህ ማንም ሊበላው ከማይመኘው ቆሻሻ ጋር ደባልቀህ፣ ጥብቅ አድርገህ ቋጥረህ ጣል። ከዚያ በፊት ግን የማሸጊያውን ፎቶ አንሳና ባለፉት ወራት መቼ መቼ እንደወሰድክ ስልክህ ላይ ጻፈው። አንድ ቀን እውነተኛ ኢንፌክሽን ይዞህ ስትሄድ ሐኪሙ «በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደሃል?» ብሎ ይጠይቅሃል፣ የሚመርጥልህ መድኃኒት በመልስህ ሊለወጥ ይችላል። መስኮቴ ላይ ስንቱ ሰው ነው ሁለት ፍሬ የቀረባት፣ ስሟ ተቆርጦ የወደቀ የኪኒን ማሸጊያ ዘርግቶ «ይችን የመሰለች ስጠኝ» ያለኝ። ቀይና ቢጫ ካፕሱል በዓለም ላይ ስንት እንዳለ ብታውቅ።